ለብርዱ የተተወው ሳር

ባለገመዷ ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ጎረቤቷ ሻለቃው ነው። ሻለቃው ራሱ፣ እንኳን ሊዘምት፣ የወታደር ቤት አጥር ተደግፎ አያውቅም፤ ማዘዝ ስለሚወድ ብቻ ሰዉ ማዕረጉን ሰጠው፣ እሱም ሳያቅማማ ተቀበለ። እሷም ብትሆን ገመድ ይዛ አታውቅም። የምትይዘው በእጅ ማጠንጠኛ ላይ የተጠቀለለ ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦና አንድ ሸክም ችካል ነው። ጠዋት ጠዋት ሽቦውን ከዚህ ነቅላ እዚያ ትተክላለች፤ ላሞቿ የዕለቱን ቁራጭ ይግጣሉ፣ በማግስቱ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ያለፉበት መሬት ሳሩ አገግሞ ጉልበት እስኪደርስ ድረስ ሁለተኛ ኮቴ አያየውም። ሥራዋ ይኼው ነው። ቀላል የሚመስለው ካለ፣ ወገቡን በሚቆርጠው ቀንም፣ ጉንፋን በሚጥለው ቀንም፣ አንድ ጠዋት ሳይዘል ይሞክረውና እንነጋገር።

አባቷ ሲሞት መሬቱ መሬት አልነበረም። ከብቱ ዓመት ሙሉ እንደፈለገ ሲንጋጋበት ኖሮ የተላጨ ራስ መስሎ ነበር። ዝናብ ሲጥል ውሃው አፈሩን ጠራርጎ መንገድ ላይ ይደፋዋል፤ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ይሰነጣጠቃል። ታላቅ ወንድሟ ያኔ ከተማ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። "እታለም፣ ከቻልሽው ያንቺ፣ ካልቻልሽው እንሽጠው" አላት። ቻለችው። ስንት ዓመት እንደፈጀባትና ስንት ጥንድ ቦቲ እንደጨረሰች ለሷ እንተወው። አሁን መስኩ ላይ አካፋ ቢሰካ ጥቁርና ለስላሳ አፈር ነው የሚወጣው፣ ውስጡም ትል ይርመሰመሳል። ይኼን ያደረገችው በትዕግሥትና በዚያች ሽቦ ነው።

የከብት አርቢ ሁሉ ፈተና ግን የብርዱ ወራት ነው። ሳሩ ማደግ ያቆማል፣ ሌሊት ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፣ የከብት ሆድ ደግሞ ብርድ ነው ተብሎ አያርፍም። ጎረቤቶቿ ሳሩ በደረሰ ጊዜ አጭደው፣ አድርቀው፣ በማሽን ጠቅልለው መጋዘን ይከታሉ፤ ከዚያ ብርዱን ሙሉ ድርቆሽ በትራክተር ሲያመላልሱና ፍግ ሲዝቁ ይከርማሉ። እሷ ሌላ መላ አላት። ሳሩ ማደግ ሳያቆም የታችኛውን መስክ ትዘጋዋለች፤ አንድም ከብት አይገባበትም። ሳሩ እንደቆመ ብርዱ ይደርስበታል። ከላይ ይገረጣል፣ ከሥሩ ግን አረንጓዴ ነው። ያኔ ሽቦዋን ይዛ በየቀኑ አንድ አንድ ቁራጭ ትከፍትላቸዋለች። ላሞቹ ውርጩን በአፍንጫቸው እየገፉ እዚያው ይበላሉ፣ እበታቸውንም እዚያው ይጥላሉ። የሚጫን የለም፣ የሚዛቅ የለም። መጋዘኗ ውስጥ ያለችው ትንሽ ድርቆሽ መሬቱ በበረዶ ተሸፍኖ ሳሩ ለማይታይባቸው ጥቂት ቀናት ብቻ የምትሆን ናት።

ለዓይን አያምርም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እንዲህ የተዘጋ መስክ ባለቤቱ የሞተበት ነው የሚመስለው። ሻለቃው በዚያ ባለፈ ቁጥር መኪናውን አቁሞ መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል። "ባለገመዷ፣ ማጭድ ከሌለሽ ላውስሽ?" ይላታል። ሌላ ቀን ደግሞ "እዚህ ውስጥ አውሬ ተኝቶ ቢሆን ማን ያየዋል?" ብሎ ለብቻው ይስቃል። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች። ቢስቅ ምን ያመጣል፣ ሳሯን አይበላባት ብላ ነበር፤ የዋህ።

በዚያ ዓመት ላሞቿ ከሞላ ጎደል ሁሉም አርግዘው ነበር፤ የሚወልዱት ብርዱ ሊወጣ ሲል ነው። እርጉዝ ላም በብርድ መሀል ከከሳች ጥጃዋም አይበረታ፣ ጡቷም አይሞላ። ስለዚህ ነገሩ ቁርጥ ያለ ነበር። የታችኛው መስክ ካለ መንጋው ብርዱን ይሻገራል። ከሌለ ግማሹን ከነጽንሱ ለከብት ነጋዴ አስነድቶ መሸኘት ነው፤ እናቶቻቸውን ጭምር በእጇ ያዋለደቻቸውን ላሞች።

ይኼን ሁሉ ጋሼ ያውቃል። ጋሼ የምትለው ያንኑ ታላቅ ወንድሟን ነው፤ ጡረታ ሲወጣ ሻንጣውን ይዞ መጥቶ አብሯት መኖር ጀመረ። መልካም ሰው ነው፣ ችግሩም ይኼው ነው። በሹፌርነት ዘመኑ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ እንኳ እጁን የዘረጋ ሰው ካየ ያቆማል። እምቢ የምትለዋ ቃል ጉሮሮው ላይ ትቀራለች እንጂ ከአፉ አትወጣም። ሰዎች በጎ ስም ሲሰጡት ይሉኝታ ይሉታል። ባለገመዷ ሌላ ስም አውጥታለታለች፣ እሱ ግን እዚህ አይጻፍም።

ልጇ ልትወልድ ደረሰችና ከተማ መሄድ ግድ ሆነባት። ከመሄዷ በፊት ጋሼን መስክ ለመስክ ይዛው ዞረች። ታችኛው መስክ ላይ ለብርዱ መጀመሪያ የሚከፈተውን ቁራጭ የሚለየውን ሽቦ አስቀድማ ዘርግታ፣ ባትሪውንም አያይዛ ጨርሳለች።

"ላሞቹ ላይኛው መስክ ላይ ናቸው" አለችው። "ጠዋት ሽቦውን ወደፊት ታሻግራለህ፣ ውሃቸውን ታያለህ፣ በቃ። ይኼን የታችኛውን ግን በሩንም አትንካው።"

"እሺ።"

"ማንም ቢመጣ፣ ጋሼ።"

"እሺ አልኩሽ እኮ እታለም፤ ሕፃን ነኝ እንዴ?"

እሺ ማለትማ ማን ብሎት።

የልጅ ልጇን አቅፋ፣ ስማ፣ ልጇም ተነስታ መራመድ ስትጀምር አውቶቡስ ተሳፍራ ተመለሰች። ደስ ብሏት ነው የመጣችው፤ አጠገቧ ለተቀመጡት ሴትዮ የሕፃኗን ጣቶች ሳይቀር ስታወራላቸው ነበር። አውቶቡሱ ኮረብታውን ሲዞር የታችኛው መስክ ከመንገዱ ይታያል። በመስኮት አየችና ወሬዋ ከአፏ ላይ ቀረ። መጀመሪያ አውቶቡሱ መንገድ የሳተ መሰላት። ከዚያ የራሷን የውሃ ገንዳ አወቀችው። በዙሪያው ያለው ሁሉ ጥቁር ነው።

"ወራጅ አለ" አለች።

ሻንጣዋን እንዳንጠለጠለች ገባች። ሳሩ የለም። መበላት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ከተበላው የተረገጠው ይበልጣል። እርጥብ መሬት ላይ ያ ሁሉ ከብት ያለ ከልካይ ወዲያ ወዲህ ሲራወጥ ሰንብቶ፣ ኮቴው መስኩን ጉድጓድ በጉድጓድ አድርጎታል፤ ጉድጓዱም ውሃ ይዟል። ከነሥሩ የተመነገለ ሳር ጭቃ ውስጥ ተዘፍቋል። የበቀለውን ደጋግመው ነጭተው ሥሩ ድረስ ስለበሉት የቀረውም ቢሆን በቶሎ የሚያቆጠቁጥ አይደለም። እበቱ እንኳ መስኩ ላይ አልተበተነም፤ ገንዳውና በሩ ጋ ተቆልሎ ይሸታል። ተንበርክካ አፈሩን በጣቷ ነካችው። ያን ያህል ዓመት ያለሰለሰችው አፈር ለጡብ የተረገጠ ጭቃ ሆኗል።

ሽቦው ደግሞ በሩ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። በሥርዓት ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ታስሮ፣ ችካሎቹም ከሥሩ በመስመር ተደርድረው። ቆሽቷን ያሳረረው ከሁሉም በላይ ይኼ ነው። ሌባ እንዲህ አሳምሮ አይጠቀልልም። ይኼ የጋሼ እጅ ነው።

ጋሼ ማዕድ ቤት ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ድንች ይልጥ ነበር። ስትገባ ብድግ አለ። "እንኳን ደስ ያለሽ እታለም። እንዴት ናቸው? ማንን ትመስላለች?"

"የማን ከብት ነው?" አለችው።

ድንቹን አየ፣ ቢላውን አየ። "እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይና..."

"ጋሼ፣ መስኬ ላይ የሰነበተው የማን ከብት ነው?"

"የሻለቃው" አለ። "ሰውየው ችግር ላይ ነው እኮ። ድርቆሹ በሙሉ ሻግቶበታል። ከብቶቹን ይዞ በር ድረስ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ቆመና 'ጋሼ፣ እርስዎ ካልደረሱልኝ ከብቶቼ ማለቃቸው ነው' አለኝ። ምን ልበለው?"

"እምቢ ነዋ።"

"እንዴት ተደርጎ?"

"አፍን ከፍቶ።"

"ሁለት ቀን ብቻ ነበር ያለኝ" አለ ጋሼ። "ከዚያ ሁለቱ ቀን ሲያልቅ መጥቶ አመሰገነኝ። እያመሰገነኝ አስወጣ ይባላል? ሳሩ ሲያልቅ ነው ነድቶ የወሰዳቸው። ደግሞስ ሰው ምን ይላል? እዚህ ሳሩ እንዲህ ቆሞ፣ እዚያ ማዶ የጎረቤት ከብት ሲራብ።"

"ሰው ምን ይላል" አለች ቀስ ብላ። ይቺ ቃል ስንት ቤት እንዳፈረሰች ቆጥሮ የሚጨርሳት የለም። "ላሞቼስ ምን ይላሉ? እሺ፣ ማስገባቱን አስገባህ፤ ሽቦውን ለምን ነቀልከው? ሽቦው እዚያው ቢሆን አንዲቷን ቁራጭ በልተው ይቆሙ ነበር። ሌላው ሁሉ ይተርፍ ነበር።"

እዚህ ላይ ጋሼ ትንሽ ቀና አለ፤ አሳቢነቱ የሚታይለት መሰለው። "የሱ ከብቶች ሽቦ አልለመዱማ። ኤሌክትሪኩ ይመታቸዋል። በእንግድነት የመጣ የሰው ከብት እንዴት ይመታል ብዬ ባትሪውን አጠፋሁና ጠቀለልኩት። እንዳይጠላለፍብሽ ደህና አድርጌ ነው የጠቀለልኩት።"

አሁን እስቲ ይኼን ምን ይሉታል? ለላም እንግድነት! የራሳቸውን ላሞች ከመስኩ ከልክሎ፣ ለመጤዎቹ ሽቦ አንስቶ፣ ያውም ደህና አድርጎ ጠቅልሎ። ባለገመዷ ልትጮህ አፏን ከፈተችና ጩኸቱ ራሱ አንሶ ታያት። ሻንጣዋን ገና አሁን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

"ስልክ የሚባል ነገር አለ" አለች።

"ልጅሽ ጋ ሆነሽ እንዳልረብሽሽ ብዬ ነው።"

"አልረበሽከኝም። ገደልከኝ እንጂ። እስቲ ንገረኝ፣ ብርዱን ምን ላብላቸው?"

"መጋዘን ያለችው ድርቆሽ..."

"ለስንት ቀን? ግማሾቹን ልንሸጣቸው ነው ጋሼ፣ ገብቶሃል? ሆዳቸው ውስጥ ጥጃ እንደያዙ።"

ጋሼ አቀርቅሮ ወደ ድንቹ ተመለሰ። ልጦ የጨረሰውን ድንች ነበር እንደገና የሚልጠው። እሷም አየችው፣ አሳዘናት፣ ስላሳዘናትም ይበልጥ ተናደደች።

ቦቲዋን አጥልቃ መንገዱን ተሻገረች። ልብ በሉ፣ ለጠብ አልነበረም የሄደችው። የሻለቃው ድርቆሽ በእርግጥ ሻግቶ ከሆነ፣ ደህና የተረፈ ጥቅል ካለ ለይተው፣ ሁለቱም መንጋ እንዴት እንደሚሻገር ልትመክር ነው። እንዲያውም እየተናደደችም በልቧ አዝናለት ነበር። ዓመት ሙሉ የለፉበት ድርቆሽ ሲሻግት ለከብት አርቢ ቀላል ነገር አይደለም።

ሻለቃው ቤት አልነበረም። ሚስቱ ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። ደግ ሴት ናት፤ ከዚያ ሰው ጋር ምን እንዳገናኛት ሁሉም ይገርመዋል። "እትዬ፣ አያት ሆኑ አሉ፤ እንኳን ደስ ያለዎት" ብላ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። "እኛም ስለረዳናችሁ ደስ ብሎናል።"

"በምኑ?"

"በሳሩ ነዋ። ቆሞ ሊበሰብስባቸው ነው፣ ጋሼም ለምነውኛል፣ ከብቶቼን አስገብቼ ላጸዳላቸው ነው ብሎኝ የለም እንዴ ባለቤቴ? ጽድቅ ነው አልኩት።"

ባለገመዷ ወደ መጋዘኑ አየች። "ድርቆሻችሁ ሻገተ ሲባል ሰምቼ ነበር የመጣሁት።"

"የኛ?" ሴትዮዋ ግራ ገባት። "ኧረ ማን ነው ይኼን ያወራው? ይኸውላችሁ እኮ።" የመጋዘኑን ሰፊ በር በትከሻዋ ገፋ አደረገችው።

እስከ ጣሪያው ድረስ ነው። ጥቅል በጥቅል ላይ ተጭኖ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ሰው በጎን እንኳ አያሳልፍም። በጊዜው የታጨደ፣ ዝናብ ያልነካው፣ አረንጓዴነቱ ገና ያልለቀቀ ድርቆሽ። ባለገመዷ እጇን እስከ ክርኗ አንዱ ጥቅል ውስጥ አስገብታ ጭብጥ አወጣችና አሸተተችው። አንዲት የሻገተች ሰበዝ የለችበትም።

"ብርዱ ሊወጣ ሲል ሰው ሁሉ ድርቆሽ ያልቅበታል፣ ያኔ ነው የምንሸጠው ብሎ ነው ያልነካው" አለች ሴትዮዋ። ከዚያ የባለገመዷን ፊት አየች። ጅል አይደለችም። "እትዬ፣ ምን አጠፋን?"

"አንቺ ምንም አላጠፋሽ" አለቻትና ወጣች።

መንገዱን እንዴት እንደተሻገረች አታስታውሰውም። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው አይታ ታውቃለች፤ እንዲህ አጥቦ አጥቦ የጨረሰ ግን አላየችም። ዓመቱን ሙሉ የሳቀበትን ሳር በላ። የራሱን ለገበያ ቆለፈበት። ጋሼ ፊት ለማኝ ሆነ፣ ሚስቱ ፊት ደግሞ ተለማኝ። በሬ ወለደ ቢል እንኳ ይሻል ነበር፤ እሱ ቢያንስ ያስቃል።

ለጋሼ ነገረችው። ስትጨርስ መጀመሪያ የተናገረው አንድ ነገር ነው።

"ኮፍያውን አውልቆ ነበር እኮ" አለ።

ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ሰባ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ሰው፣ ሰው ኮፍያውን አውልቆ ሊዋሽ ይችላል ብሎ አስቦ አያውቅም። "ነገ ሄጄ አናግረዋለሁ" አለ።

"አታናግረውም። አንተ ካናገርከው ይቅርታ ጠይቀኸው ነው የምትመለሰው። ነገ ሁላችንም ነን የምንሄደው።"

"ሁላችንም እነማን?"

"እኔ፣ አንተ፣ ላሞቹ።"

በማግስቱ ጠዋት ላይኛው መስክ ላይ ቆማ ሽቦውን አነሳችና ተጣራች። ላሞቿ ጥሪዋን ያውቁታል፤ ስትጣራ አዲስ ሳር አለ ማለት ነው። ሆዳቸውን እያወዛወዙ ተከተሏት። ከፊት እሷ፣ ከኋላ ጋሼ ሆነው በአስፋልቱ ነዷቸው። የሻለቃው በር ላይ ሲደርሱ ባለገመዷ ቆመች፣ ላሞቹም ቆሙ። የመጋዘኑን ሽታ ሲያገኙ አሮጊቷ መሪ ላም አንገቷን አስረዝማ ማግሳት ጀመረች፣ ሌሎቹም ተቀበሏት። ቤት ለቤት የሚዞረው የወተት መኪና ከኋላ መጥቶ ማለፊያ አጣ። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና አጥር ተደግፎ ቆመ። ባለገመዷ ይቅርታ አልጠየቀችውም፣ እሱም የቸኮለ አይመስልም።

ሻለቃው በነጠላ ጫማ ወጣ። መንጋውን አየ፣ የወተት መኪናውን አየ፣ ባለገመዷን ዘሎ ጋሼን አየ።

"ጋሼ፣ ምነው በደህና? ከብት አስፋልት ላይ? እህትዎን አንድ ነገር ይበሏት እንጂ።"

"ሳሬን ልትተካ ነው" አለች ባለገመዷ።

እሱ አሁንም ወደ እሷ አልዞረም። "እኔ እኮ በፈቃድ ነው የገባሁት ጋሼ። እርስዎ ራስዎ በሩን ከፍተውልኝ። የምንነጋገረው ነገር ካለ ቤት እንግባና እንደ ወንድማማች እንነጋገር፤ ሰው ፊት ምን ያደርጋል?"

ሰው ፊት። ባለገመዷ፣ ይቺን ቃል ከሰማ ጋሼ እንደሚሸነፍ ታውቃለች። ዞራ አየችው። እጁ አንዴ ኪሱ ውስጥ፣ አንዴ ውጭ። ሹፌሩ ያየዋል፣ ሻለቃው ፈገግ ብሎ ይጠብቀዋል፣ የቤቱም በር ተከፍቶለታል። እግሩ አንድ እርምጃ ወደ በሩ ሄደ። ከዚያ ቆመ።

"መስኩም ላሞቹም የሷ ናቸው" አለ ጋሼ። "እኔ የሰጠሁህ የኔ ያልሆነውን ነው። እሷን አናግራት።"

ሻለቃው ፈገግታው ሳይጠፋ ፊቱ ብቻ ተለወጠ። የሚያናግረው ሰው ሲያጣ ተገዶ ወደ ባለገመዷ ዞረ። "እሺ፣ ምንድን ነው የምትፈልጊው?"

"የበላኸውን ያህል ድርቆሽ። ግን በሬ ላይ አራግፈህ አትሄድም። ከብትህ ባዶ ያደረገው መሬት ላይ ጥቅሉን ፈትተህ ትዘረጋዋለህ። ላሞቼ እዚያው ይበላሉ፣ ትርፍራፊው የተራቆተውን መሬት ያለብሰዋል፣ እበታቸውም እዚያው ይወድቃል። የምትገባውም ውርጭ መሬቱን ባደነደነው ጠዋት ብቻ ነው። ፀሐይ ሞቆ ከላላ ትራክተርህ አንድ ጎማ አይገባም።"

"ደህናውን ድርቆሽ ጭቃ ላይ ልዘርጋ?" አለ ሻለቃው፤ እውነትም ደንግጦ ነበር።

"ደህና ነው እንዴ?" አለች።

የወተት መኪናው ሹፌር አገጩን እያከከ "አይ ሻለቃ" አለ። "ሻገተብኝ ብለህ ስታወራ እኮ እኔ በየቤቱ እያዞርኩ አሳዝኜልሃለሁ።"

ሻለቃው መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ከኋላው የመጋዘኑ በር ሲጢጥ አለ። ሚስቱ ናት። እስከ ዳር ድረስ ገፍታ ከፈተችው፣ ድንጋይ አምጥታም አስደገፈችው። ባሏን አንዴ የጎሪጥ አይታው ቤት ገባች። ሻለቃው ከመጋዘኑ ወደ ላሞቹ፣ ከላሞቹ ወደ ሹፌሩ አየ። ይኼ ወሬ ከወተቱ ጋር ቤት ለቤት እንደሚደርስ ገብቶታል።

"ውርጭ በጣለ ጠዋት" አለ በመጨረሻ።

"ውርጭ በጣለ ጠዋት" አለች ባለገመዷ፤ ላሞቿንም አዙራ ነዳች።

ውርጩ ለመምጣት ብዙ አላስጠበቀም። መሬቱ ከእግር ሥር ቅርፍ ቅርፍ በሚልበት ጠዋት ሻለቃው ሁለት ጥቅል በትራክተር ጭኖ የታችኛው መስክ በር ላይ ቆመ። ክላክስ አላደረገም። ባለገመዷ ስትመጣ ወደ ጭነቱ እያየ "ከየት ልጀምር?" አላት።

ክፉኛ የተቦካውን ቦታ አሳየችው። ጥቅሉን አውርዶ ማሰሪያውን ቆረጠና በእጁ እየገፋ ፈታው። ድርቆሹ ጥቁሩ መሬት ላይ ረዥም አረንጓዴ መንገድ ሆኖ ተዘረጋ። ትንፋሹ እየጨሰ ሁለተኛውንም ዘረጋው፤ ማገዝ ያማረው ጋሼ ከጎኗ እንዳይነቃነቅ በዓይኗ ይዛዋለች። ከዚያ ሽቦውን አንስታ ተጣራች። ላሞቹ እየተጋፉ ገቡ፣ በድርቆሹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው መብላት ጀመሩ። አንዷም አትሸጥም። ይኼን ለራሷ ደጋግማ አለችው፤ አንዷም አትሸጥም። ንዴቷ ግን አልበረደም። ሆዳቸው ይሞላል እንጂ ያ ሥር፣ ያ አፈር፣ ያ ሁሉ ዓመት በሁለት ጥቅልም በሃያ ጥቅልም አይመለስም። ከአንድ ወቅት በላይ ይቺን መሬት ሳትነካ ማስታመም ይኖርባታል፤ እሱን ከሻለቃው መጋዘን የሚያወጣላት የለም።

ሻለቃው ሳይሰናበት ትራክተሩ ላይ ወጣ። ሞተሩን ሲያስነሳ ጋሼ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ወደ እሱ ቀና አለ። የቆየ ልማዱ ነው፤ ሰው ከበሩ ሲወጣ ሳያመሰግን ሸኝቶ አያውቅም። "እግዜር ይስጥ..." ብሎ ጀምሮ ነበር፣ ባለገመዷ ክንዱን ያዘችው።

"ምን ስላደረገልን?" አለችው፤ ሻለቃው እንዲሰማ ድምጿን አልቀነሰችም። "የራሴን ነው የመለሰልኝ። እሱንም ገና ግማሹን አላደረሰም።"

ጋሼ እጁን መልሶ ኪሱ ከተተ።